አባ ፓሴርና የሰማያዊ ዶቃው ነገር

ነበር ስል ነበር በሉኝ፤ አልነበረም ያለ ራሱ ይተርክ።

ድሮ በግብፅ፣ አባይ ዳር፣ ፓሴር የሚባል ሽማግሌ ነበር። የልጅ ልጅ ተወለደችለት። በመንደሩ ልማድ ሕፃን አንገቷ ላይ ሰማያዊ ዶቃ ሳይታሰርላት ስሟ አይጠራም፤ ነፋስ ሰምቶ ይወስደዋላ። ስሙን ያወጣው ፓሴር ነው። አፉ ውስጥ ይዞት ሰነበተ፤ ከመክበዱ የተነሳ አገጩ ደረቱን ነካ።

ዶቃ ሠሪዋ ሄኑት ነጭ ድንጋይ ፈጭታ፣ ከአመድና ከመዳብ ዱቄት ጋር ለውሳ፣ አንዲት ዶቃ አድበልብላ አሰጣች።

«አባቴ፣ ስትደርቅ ውስጧ ያለውን ጨው ወደ ላይ ታወጣለች። እሳት ሲያገኘው ሰማያዊ የሚሆነው እሱ ነው፤ እንዳይነኳት።»

ፓሴር አንድ ጊዜ ብቻ ነካት። አንድ ጊዜ ማለት አርባ ጊዜ ነው። ዶቃዋም እንደ ፓሴር ራስ መላጣ ሆና ከእቶኑ ወጣች።

«ሌላ እሠራለሁ» አለች ሄኑት፤ «እቶኑ ግን ገለባ ጨርሷል። የሚያመጡት እርስዎ ነዎት።»

ፓሴር ወደ አህያዋ ሄደ። «አህያ ሆይ፣ ገለባ ተሸከሚልኝ። አንቺ ካልተሸከምሽ እቶኑ አይነድም፤ እቶኑ ካልነደደ ዶቃዋ ሰማያዊ አትሆንም፤ ዶቃዋ ሰማያዊ ካልሆነች ልጄ ስም የላትም።»

«በባዶ ሆዴ? መጀመሪያ ሣር አምጣ።»

ወደ መስኩ ሄደ። «መስክ ሆይ፣ ሣር አብቅልልኝ። ሣሩ ካልበቀለ አህያዋ አትሸከምም፤ አህያዋ ካልተሸከመች እቶኑ አይነድም፤ እቶኑ ካልነደደ ዶቃዋ ሰማያዊ አትሆንም፤ ዶቃዋ ሰማያዊ ካልሆነች ልጄ ስም የላትም።»

«ጉሮሮዬ ደርቆ ምኑን ላብቅለው? ቦዩን ጠይቅ።»

ቦዩ ደግሞ፣ «እንዴት ልፍሰስ፣ ጉማሬ ተኝታብኝ» አለ።

እውነትም ተኝታለች፤ ጀርባዋ ላይ ሁለት መንደር ይሰፍራል።

«እመቤቴ፣ ተነሺልኝ። አንቺ ካልተነሳሽ ቦዩ አይፈስም፤ ቦዩ ካልፈሰሰ ሣሩ አይበቅልም፤ ሣሩ ካልበቀለ አህያዋ አትሸከምም፤ አህያዋ ካልተሸከመች እቶኑ አይነድም፤ እቶኑ ካልነደደ ዶቃዋ ሰማያዊ አትሆንም፤ ዶቃዋ ሰማያዊ ካልሆነች ልጄ ስም የላትም።»

ጉማሬዋ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «እኔም እናት ነኝ። ማን ልትባል ነው? ንገረኝና እነሳለሁ።»

ፓሴር ነፋሱን ግራና ቀኝ ገላመጠው። ከዚያ ጺሙን ሰብስቦ፣ ራሱን ውሃው ውስጥ ነክሮ፣ ጆሮዋ ሥር ነገራት። ቡልቅ ቡልቅ ቡልቅ። ነፋሱ ምንም አልሰማም።

«ያምራል» አለች ጉማሬዋ፤ ተነሳች። እሷ ስትነሳ ቦዩ ፈሰሰ፤ ቦዩ ሲፈስ ሣሩ እዚያው በቆሙበት ጉልበት ደረሰ፤ ሣሩ ሲደርስ አህያዋ በላች፤ በልታም ገለባውን ተሸከመች። ሄኑት አዲሷን ዶቃ ስታሰጣ ፓሴር ሁለት እጁ ላይ ተቀመጠ፤ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍም ዶቃዋ እስክትደርቅ ንቅንቅ አላለ። እቶኑ ነደደ፤ ዶቃዋ ሰማያዊ ሆነች።

ፓሴር ለሕፃኗ አንገቷ ላይ አሰረላት። አፉን ከፈተ። መጀመሪያ የቦዩ ውሃ ወጣ፤ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ዓሣ፤ በመጨረሻ ስሟ።

«ታሜት» አላት።

ሕፃኗ አንድ ጊዜ ሳቀች። አንድ ጊዜ ማለት አርባ ጊዜ ነው።

ክሩም እዚህ ላይ ተቋጠረ።