መንገድ ማዞር

አንድ ሰው ነበረ፤ በሐምሌ ዶፍ ውስጥ ቆሞ የገዛ እርሻውን ፈሰስ ይደፍናል። ፈሰስ ማለት ገበሬ ዘርቶ ሲጨርስ ውሃ ማሳው ላይ እንዳይተኛ ቁልቁል የሚቀደው ቦይ ነው። አባቱም ቀዶታል፤ አያቱም ቀዶታል። ይህ ሰው ግን ድንጋይና ጭቃ እየከመረ ይደፍነዋል። ጎረቤቶቹ ገሳ ለብሰው ከዳር ቆመው ያዩታል።

«አያ ልየው፣ ሩዝ ልትዘራ ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ የውብዳር። እመለስበታለሁ።

አገሩ ተዳፋት ነው። ከላይ ያለው ገበሬ ውሃውን ወደ ታችኛው ይሰዳል፤ ታችኛውም ከሱ በታች ላለው። ሁሉም ማሳውን ያድናል። ውሃው ግን ከታች አንድ ላይ ይገናኝና ምድሩን ይቦረቡራል። ቦረቦሩ መጀመሪያ ዶሮ ከነጫጩቶቿ የምትሻገረው ነበር። ኋላ በግ የሚዘለው ሆነ። ኋላ በሬ ገብቶበት አልወጣም። ቦረቦር ደግሞ የሚበላው ወደ ላይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር አፉ ወደ መንደሩ ይቀርባል።

ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ይህን ልብ በዪ። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ መንደሩ ሁሉ ደቦ ይወጣል። ቦረቦሩ የበላውን መንገድ ይተውና በአፉ ዙሪያ አዲስ መንገድ ይጠርጋል። ድንጋይ ይነጠፋል፤ በገደሉ በኩል እሾህ ይታጠራል። ሴቶች ጠላና ንፍሮ ያመጣሉ። ይዘፈናል። ስሙንም «መንገድ ማዞር» አሉት። እየቆየ ልጆች እንደ በዓል ይጠብቁት ጀመር። ጎረምሳውም ልጃገረድ የሚያየው እዚያ ነበር።

የዚያ ሰው እናት ዓይነ ስውር ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ለብቻቸው ነው፤ እግራቸው መንገዱን ያውቀዋል። መንገዱ በዞረ ቁጥር ልጃቸው እጃቸውን ይዞ አዲሱን ያለማምዳቸዋል።

«ዘንድሮም አዞራችሁት?» ይሉታል።

«አዞርነው፣ እማ።»

«እኔስ እሺ። እግሬን ግን የድሮውን ማን ያስረሳልኝ?»

ይህ ነገር ሰውየውን አላስተኛውም። በአንዱ የመንገድ ማዞር ቀን ተነሥቶ ተናገረ። «ጉልበቱ እኮ አለን። ይህንኑ ደቦ ፈሰሱን እንድፈንበት። በየማሳው አግድም እርከን እንሥራበት። ውሃ ካልላክንለት ቦረቦሩም ይራባል» አላቸው።

ውሸት ነው ያለው የለም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከላይ የሚያርሰው፣ «የታችኞቹ ይጀምሩ፤ አፉ ያለው እነሱ ዘንድ ነው» አለ። የታችኛው፣ «የላዩ ውሃ ሳይቆም እኔ ብደፍን ገብሴን ዋና ላስተምረው ነው?» አለ። ቤቱ ከኮረብታው አናት ላይ የሆነ አንድ ባለጠጋም ነበረ። «ሐሳቡ መልካም ነው፤ ለከርሞ እንምከርበት» አለ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ዋንጫውን አስቀመጠና፣ «ልጄ፣ ፈሰስ የሌለው እርሻ አይተህ ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀው። አላየም ነበር። ጠላው ተቀዳ።

ስለዚህ ክረምት ሲገባ ብቻውን ደፈነ። እንደነገርኩሽ፣ በዚያ ዶፍ ውስጥ። ከላይ የመጣው የሁሉም ውሃ የሱ ማሳ ላይ ተኛ። ገብሱ ቢጫ ሆነ፤ ኋላም ከሥሩ በሰበሰ። ጎተራው ባዶ ሲሆን ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። ከደጃፉ ስትወጣ «እባክህ እንደ ሰው ኑር» አለችው።

በቀጣዩ ክረምት እንደ ሰው ኖረ። የደፈነውን ፈሰስ በገዛ እጁ ከፈተው። ጎረቤቶቹ ደስ አላቸው። «ተመለሰልን» አሉ። ያ በሩዝ የቀለደበት እንዲያውም ዶማውን ይዞ መጥቶ አገዘው። ሚስቱም ከነልጆቿ ተመለሰች።

የዚያ ዓመት ነሐሴ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። ባባራበት ማለዳ ሰውየው ፈሰሱ ውሃውን በደንብ ሰድዶት እንደሆነ ሊያይ ማሳው ወረደ። በደንብ ሰድዶታል። ገብሱ ለምለም ሆኖ ቆሟል። ከልቡ ደስ አለው።

በዚያችው ማለዳ እናቲቱ ዘንጋቸውን ይዘው ከቤት ወጡ። ፍልሰታ ነበር፤ ኪዳን ሊያደርሱ። ቦረቦሩ በዝናቡ ሰሞን ወደ ላይ ዘልቆ በዚያች ሌሊት አዲሱን መንገድ ከነእሾሁ ከነንጣፉ በልቶታል። ማንም ገና አላየውም። እናቲቱ ልጃቸው ባለማመዳቸው በኩል ሄዱ። እግራቸው አልተሳሳተም። መንገዱ ነው ያልነበረው።

ጎረምሶች በገመድ ወርደው አወጧቸው። አገር አለቀሰ። የውሸት ልቅሶ አልነበረም፤ ሁሉም ይወዷቸው ነበር።

እንግዲህ፣ የውብዳር፣ «ዝናቡ መዛባቱን፣ ምድሪቱ መጋሏን ዓለም ሁሉ እየሰማ ሰው ለምን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል?» ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። ሰው አልተቀመጠም፣ ልጄ። መንገድ ያዞራል። ወንዙ ሲደርቅ ጉድጓዱን ያጠልቃል። ቆላው ሲነድ ወደ ደጋ ይወጣል። በዚህም ላብ ያፈሳል፤ ይደክማል፤ ሲደክም ደግሞ የሠራ ይመስለዋል። ባለጠጋው አገር ከኮረብታው አናት ሆኖ «ለከርሞ እንምከር» ይላል። ድሃው አገር «የላዩ ይጀምር» ይላል፤ አልዋሸም። ብቻውን የደፈነ ቢገኝ ረሃብ መልሶ ያስከፍተዋል። የሁላችንም ፈሰስ ክፍት ነው፤ ያንቺም፣ የኔም። ከታች የሚገናኘውን ግን ማንም የኔ ውሃ ነው አይልም። ከእኛ ውስጥ ደግሞ እንደ እናቲቱ ያሉ አሉ፤ መንገዱን ባለማመድናቸው በኩል አምነውን የሚሄዱ።

ያ ሰው እናቱን ቀብሮ ሲመለስ ከቦረቦሩ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ከኋላው አንድ ሰው ትከሻውን ያዘው። ፈሰሱን ሲከፍት ያገዘው ጎረቤቱ ነው። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«እግዜር ያጽናህ፣ አያ ልየው» አለው። ከዚያም ገደሉን ተመለከተ። «ዘንድሮስ በየት በኩል እናዙረው?»