የመድኃኒት ሻጩ ሁለት ሴኮንድ

አንድ መድኃኒት ሻጭ ነበረ፤ ቼዝ ይጫወት ነበር።

ማህደር፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ባለፈው ሳምንት በስልክሽ የተጫወትሻቸውን ሰማንያ የቼዝ ጨዋታዎች ላክሽልኝና «ጋሼ፣ ጥንካሬዬ ምንድን ነው? ምን ላሻሽል?» አልሽኝ። ገና ሳልመልስልሽ ደግሞ ትናንት «ይተዉት፣ ቅዳሜ ውድድሩ ላይ አልገኝም» የሚል መልእክት ላክሽ። ለሁለቱም የምመልስልሽ በዚህ ሰው ነው። ሻይሽን ጠጪና ስሚኝ። ስልኩንም አስቀምጪው፤ አይበርም።

ሰውየው የሚኖረው በአንዲት ወረዳ ከተማ ነው። መድኃኒት ቤቱ ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ሲያዩት የተረጋጋ ሰው ይመስላል፤ ውስጡ ግን አንድ ቀን አርፎ አያውቅም። ደንበኛ ሲጠፋ ስልኩን ከባንኮኒው ሥር ያወጣና በኢንተርኔት ከማያውቀው ሰው ጋር ይገጥማል። ባላጋራው አንዴ ከህንድ ነው፣ አንዴ ከብራዚል፣ አንዴ ምናልባት ከዚያው ከሰፈሩ ሊሆን ይችላል፤ ስም እንጂ ፊት አይታይም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አሥር ደቂቃ ይሰጠዋል። አሥር ደቂቃው ያለቀበት ሰው ጨዋታው የቱንም ያህል ቢያምርለት ተሸንፏል።

ሁለት ዓመት ሙሉ የደረጃ ነጥቡ ከአንድ ቦታ ንቅንቅ አላለም። ትንሽ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ይህ ነገር ሰውየውን በላው። መጽሐፍ ገዛ፤ የመክፈቻ እርምጃዎችን በቃሉ ያዘ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ እርምጃ የሚመረምረው የስልኩ ማሽን ስህተቱን በቀይ እየለየ ሲያሳየው ከንፈሩን ይነክሳል። ያንን ቀይ ከመፍራቱ የተነሣ ምሳው እንኳ አይወርድለትም ነበር። ሚስቱ «ያ ስልክ ምን አደረገህ?» ብትለው «ምንም» ይላል። የፈራው ሽንፈቱን አልነበረም። «ምናልባት የእኔ ጭንቅላት እዚህ ድረስ ብቻ ይሆናል» የሚለውን ሐሳብ ነበር የፈራው። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ፊትሽን አታዙሪ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርሽ። የዚህ ሰው ጭንቀት መጨረሻው ላይ እስከ አንድ ሕፃን ዓይን ድረስ ይሄዳል። እዚያ እስክንደርስ ታገሺኝ።

በዚያው ከተማ ጡረታ የወጣ መምህር ነበረ። ቼዝ በደንብ ያውቃል ይባላል፤ ከሁሉ በላይ ግን ሠላሳ ዓመት ፈተና ሲፈትን የኖረ ሰው ነው። ፈተና አዳራሽ ውስጥ የሚቆም መምህር የተማሪውን መልስ አያይም፤ የሚያየው እጁን ነው። እጁ መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚፈጥን ያያል። በዚህ የተነሣ እጅ ማንበብ ለምዶ ነበር።

መድኃኒት ሻጩ መቶ ጨዋታ ይዞ ሄደ። «መምህር፣ የት ጎበዝ እንደሆንኩ፣ የት ደካማ እንደሆንኩ ይጻፉልኝ» አለ። መምህሩ «ጊዜ ስጠኝ» አለው። ሰውየው እሺ አለ እንጂ ጊዜ መስጠትስ አልቻለም። በማግሥቱ ደወለ። በሦስተኛው ቀን ደወለ። በሳምንቱ ራሱ ሄዶ በሩን አንኳኳ። «አልጨረስኩም» ተባለ። መድኃኒት ሲቆጥር ያ ወረቀት ይመጣበታል፤ ሲበላ ይመጣበታል። «ተስፋ የለህም ይለኝ ይሆን?» እያለ ሦስት ሳምንት ሰነበተ።

በመጨረሻ መምህሩ ወረቀቱን ሰጠው። ሁለት መስመር ብቻ ነበረበት። «ጥንካሬህ፦ ስትሳሳት ከማንም ቀድመህ ታውቃለህ። ማሻሻል ያለብህ፦ ስታውቅ ትሸሻለህ።»

ሰውየው ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው። «መምህር፣ ሦስት ሳምንት የጠበቅኩት ለዚህ ነው? ስለ መክፈቻዬ የለ፣ ስለ ፈረስ አጠቃቀሜ የለ። ደግሞ እኔ መቼ ነው የሸሸሁት? አንድም ጨዋታ አቋርጬ አላውቅም» አለ።

«ስለ እርምጃህ ማሽኑ ይነግርሃል። እኔ ያየሁት ሰዓትህን ነው» አለ መምህሩ፤ አንዱን ጨዋታም ከፈተለት። «ይኸው፣ እዚህ ላይ ፈረስህን ያለጠባቂ ተውከው። ባላጋራህ አላየውም፤ ዝም ብሎ ወታደር ገፋ። አንተ ግን ገና ጣትህን ስታነሣ አይተኸዋል።»

«በምን አወቁ?»

«እስከዚያ ድረስ ለእያንዳንዱ እርምጃ ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ታስብ ነበር። ከፈረሱ በኋላ ያለውን በሁለት ሴኮንድ ተጫወትክ። ንግሥትህ የሄደችው በዚያች እርምጃ ነው። ፈረሱ እኮ ምንም አልሆነም፤ ተመልከተው፣ እዚያው ቆሟል።»

ሌላ ከፈተ፤ ሁለት ሴኮንድ። ሌላ ከፈተ፤ ሦስት ሴኮንድ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ሰውየው «ይበቃኛል» አለ። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ስትሳሳት እጅህን ከስልኩ አንሣና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። ሁለቱንም። ከዚያ ‹አሁን ምን ቀረኝ?› ብለህ ራስህን ጠይቅ። ምን እንዳጠፋህ አትጠይቅ፤ እሱን አውቀኸዋል። ምን እንደቀረህ ጠይቅ። ሌላ የማስተምርህ ነገር የለኝም።»

ሰውየው ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከተተው እንጂ አላመነበትም። እጅ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ምን ትምህርት ነው እያለ፣ እያጉረመረመ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን መጣ። ከባንኮኒው ሥር ጨዋታ ተከፍቷል፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ሰውየው እያሸነፈ ነው። ከባንኮኒው በላይ ደግሞ ደንበኛ ተሰልፏል። ሕፃን ያዘለች ሴት ወረቀት ዘረጋችለት። «ዶክተር፣ ዓይኑ ነው። ከሰኞ ወዲህ አልገለጠውም» አለች። ከገጠር ለመጣ ሰው መድኃኒት የሚሰጥ ሁሉ ዶክተር ነው። ሰውየው ወረቀቱን አየ፤ የዓይን ጠብታ ይላል። ዓይኑን ወደ ስልኩ መልሶ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደና ጠብታውን አወረደ። «ጠዋትና ማታ» አላት። አመስግናው ሄደች።

ቀጥሎ የቆመው ሽማግሌ «ሳል ይዞኛል» አለ። ሰውየው የሳል ሽሮፕ ሊያወርድ ዞር ሲል መደርደሪያውን አየ። የዓይን ጠብታው ረድፍ ሙሉ ነው። ጠዋት ራሱ የደረደረው ነው፤ አንድም አልጎደለም። የጎደለው ከአጠገቡ ያለው የጆሮ ጠብታ ነው። ካርቶናቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ቁመታቸውም አንድ ዓይነት። ያ የጆሮ ጠብታ የታመመ የሕፃን ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚያደርግ እሱ በደንብ ያውቃል።

ወዲያው አወቀ። መምህሩ ቀድመህ ታውቃለህ ብሎት የለ? እጁ ግን ሥራውን አላቆመም። ሽሮፑን አወረደ፣ በጋዜጣ ጠቀለለ፣ «በቀን ሦስት ጊዜ» አለ። አንደበቱም ይሮጣል፣ ሐሳቡም ይሮጣል። ምናልባት ካርቶኑን አንብባ ትመልሰው ይሆናል። ምናልባት ጠዋት ስደረድር ተሳስቼ ይሆናል። ደግሞስ ማን አየኝ? «ቀጥሎ» ሊል አፉን ከፈተ።

እዚህ ላይ እጁን አየው። በጣም ይፈጥን ነበር። ይህን ፍጥነት ያውቀዋል፤ መምህሩ ቤቱ አምስት ጊዜ አሳይቶታል።

ሁለቱንም እጁን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ደንበኞቹ ያመመው መሰላቸው። «አሁን ምን ቀረኝ?» አለ ለራሱ። እግሩን ሩጥ ሩጥ ይለዋል፤ ግን ወዴት? ገበያ ውስጥ ቢገባ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት አያገኝም። ስለዚህ አልሮጠም። ሴትየዋ የተወችውን ወረቀት አነሣና አነበበው። የላካት የቆላው ጤና ጣቢያ ነው። ወደዚያ የሚወርድ መኪና በቀን አንድ ብቻ ነው፤ የሚነሣውም ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለሰባት ሁለት ጉዳይ ይላል። ይህን ለማሰብ ሩብ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም፤ ለእሱ ግን ዓመት መሰለው። ስልኩ ከሥር ይጮሃል። ሰዓቱ እያለቀበት ነው። አላየውም።

የዓይን ጠብታውን ይዞ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለአንዲት እናት የተሳሳተ መድኃኒት ሰጥቻለሁ፤ ዘግቼ መሄዴ ነው» አላቸው። ይህን ጮክ ብሎ ሲናገር ፊቱ ደም መሰለ።

መናኸሪያው ሲደርስ መኪናው ወጥቷል። ተራ አስከባሪውን «የሾፌሩ ስልክ አለህ?» አለው። ደወለለት፤ ኔትወርክ የለም። ደገመው፤ የለም። ሰውየው ሁለቱንም እጁን የተራ አስከባሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ምን ቀረኝ? ከቁልቁለቱ በፊት ኬላ አለ፤ በገበያ ቀን መኪና ሁሉ እዚያ ተሰልፎ ይፈተሻል። ባጃጅ ይዞ ከነፈ። መንገዱን ሁሉ ያቺን ካርቶን ያያት ነበር፤ በእናትየው እጅ ስትከፈት፣ ስትዘቀዘቅ።

መኪናውን ኬላው ላይ ደረሰበት። ገና መቆሙ ነው። ዘሎ ገባና «ከእኔ የዓይን ጠብታ የገዛች እናት የት አለች? የሰጠሁሽ የጆሮ ነው። ዓይኑ ላይ እንዳታደርጊው። ስህተቱ የእኔ ነው» አለ። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ከኋላ አንዱ ስሙን ጠርቶ ለጎረቤቱ ሲነግረው ሰማ።

ሴትየዋ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበረች። ሕፃኑን ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች። ክዳኑን ከፍታ ጠብታውን በቀኝ እጇ ይዛዋለች። መኪናው እየተንገጫገጨ አላደርግም ብላ እስኪቆም ስትጠብቅ ነበር።

ጠብታውን መለሰችለት። የሰጣትን ሌላ ተቀበለች፤ ካርቶኑን ለጎኗ ሰው ሰጥታ አስነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ «ዶክተር፣ ባይመጡስ ኖሮ?» አለችው።

«እኔም እሱን ነው የማስበው፣ እህቴ» አላት።

ሲመለስ ስልኩ ላይ ጨዋታውን ሰዓት አልቆበት መሸነፉ ተጽፎ ጠበቀው። ማሽኑ እርምጃዎቹን ሲመረምር ግን አንድም ቀይ አላገኘበትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩን መድኃኒት ቤት ይዞ አልገባም፤ የጆሮ ጠብታውንም ወደ ሌላ መደርደሪያ አዛወረው። ወሬው ከተማውን ስለሞላው ለብዙ ወራት ደንበኛ ሁሉ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ሳያነብ አይሄድም ነበር። እሱም ቆሞ ያስነብባቸው ነበር። ነጥቡ ከፍ አለለት ወይ ትይኝ ይሆናል። እሱን አልጠየቅኩትም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ሰማንያውንም አይቻለሁ። መክፈቻሽ ደህና ነው። ፈረስ አያያዝሽ ከእኔ ይሻላል፤ ይህን ለማንም እንዳትነግሪ። መጨረሻ ላይ ጥቂት ወታደር ሲቀር ትሰለቺያለሽ፤ እሱን አብረን እንሠራዋለን። ይህ ትንሹ ነው። በሰማንያው ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ክፉኛ ተሳስተሻል። ከአሥራ አራቱ በአሥራ አንዱ ቀጣዩን እርምጃ የተጫወትሽው ከሦስት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። እንደዚያ ሰው ቀድመሽ ታያለሽ። ያ ጥንካሬሽ ነው፤ ብዙ ሰው የለውም። እንደዚያ ሰውም ትሸሻለሽ።

ትናንት ደግሞ አንድ ጨዋታ ተሸንፈሻል፤ ገጽሽ ላይ አየሁት። ያለቀበት ሰዓት ተመዝግቧል፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ይላል። «ይተዉት፣ ቅዳሜ አልገኝም» ያልሽኝ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሦስት ላይ ነው። ያም እርምጃ ነው፣ ማህደር። ፈረስሽ ገና እንደቆመ ነው፤ አንቺ ግን ንግሥትሽን ልትጥያት ነው። ለዚያ መልእክት እስከ ዛሬ መልስ ያልሰጠሁሽ ለዚህ ነው። ስምሽንም ከውድድሩ ዝርዝር አላስወጣሁም።

በይ አሁን ሁለቱንም እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ምን ቀረሽ? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ እኔ ሰዓት አልያዝኩብሽም።