ልዕልቲቱ የጠጡበት የቀንድ ዋንጫ

እስቲ አንዲት ሴት አስቡልኝ። ሸክላ ሠሪ ናት። ስሟን ለጊዜው ልተወው፤ በመንደሯም በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ያቺ ሸክላ ሠሪ» ነበር የሚሏት። አገሯንም በካርታ ላይ አትፈልጉ፤ የምነግራችሁ ምሳሌ ነው።

በዚያ አገር ሰዉ በእሷ እንስራ ውኃ ይቀዳል፤ በእሷ ድስት ወጥ ይሠራል። እሷ ውኃ ስትለምን ግን በዕቃ አይሰጧትም። «እጅሽን ዘርጊ» ይሏትና ከላይ ሆነው በእፍኟ ያንቆረቁሩላታል። አያችሁልኝ? እንስራውን ሲሠራ ንጹሕ የነበረው እጅ፣ ሲጠማው ይረክሳል። ይህን ምን ትሉታላችሁ?

አንድ ቀን እንስራ ተሸክማ ወደ ልዕልት አስካለ ግቢ ሄደች። ልዕልት አስካለ የንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ ሕዝቡም እንደ እናቱ ይወዳቸዋል። ፀሐይ እንዳቃጠላት፣ ከንፈሯም እንደ ደረቀ አዩና የራሳቸውን የቀንድ ዋንጫ ውኃ ሞልተው ዘረጉላት። እሷ ግን እንደ ልማዷ ሁለት እጇን ገጥማ ጠበቀች።

«በዋንጫው ጠጪ እንጂ፣ ልጄ» አሏት።

ጠጣች። በዋንጫ መጠጣት አልለመደችምና ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ወዲያው ደብሪቱ የምትባለው ደንገጡራቸው ዋንጫውን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ልትጥለው ወደ ጓሮ ተነሣች።

«ደብሪቱ፣ ወዴት ነው? እኔም ጠምቶኛል፤ በሱው ቅጂልኝ» አሉ ልዕልቲቱ። ተቀዳላቸው፤ ጠጡ።

ይኸው ነው። አዋጅ አላስነገሩም፤ ነጋሪት አላስጎሰሙም። ወሬው ግን ከግቢው ወጣ፤ ዓመት ሳይሞላም በየጠላ ቤቱ ሸክላ ሠሪ እንደ ሰው በዕቃ መጠጣት ጀመረ። የሁሉም ልብ ተመለሰ አልላችሁም። «እሳቸው ከጠጡ እኔ ማን ነኝ?» ያለው ግን ብዙ ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ ልዕልቲቱ ዐረፉ። በአገሩ ደንብ ንብረታቸው ለቅሶው ሜዳ ላይ ወጣ፦ ካባቸው፣ ጥላቸው፣ የተጫነች በቅሏቸው። ለቅሶ ላይ የድሮው ልማድ ገና አልተሻረምና ሸክላ ሠሪዋ ከዳር ቆማለች። ገብታ ደረቷን እየመታች ልታለቅስላቸው ፈለገች። ቢያስወጧትስ? በሌላ ቀን መባረሩን ትችለዋለች፤ የዚያን ቀን ግን አትችልም።

ያን ጊዜ ያረጀችው ደብሪቱ የቀንዱን ዋንጫ ይዛ ወጣች። አጋፋሪው ተቆጣ።

«የወርቁ እያለ ይሄ ምንድን ነው? በንጉሥ ልጅ ለቅሶ ቀንድ ይወጣል?»

«ይህን ልጥል የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች። «ከንብረታቸው ሁሉ የሚበልጠውን ልጥለው ነበር።»

ውኃ ቀዳችና በሰዉ መሐል አልፋ እስከ ዳር ሄደች። ሸክላ ሠሪዋ ስታያት ደነገጠች፤ ሳታስበው እጆቿ ለእፍኝ ተገጠሙ። ደብሪቱ እጆቿን አላቃ ዋንጫውን አስያዘቻት።

«ጠጪና አትርፊልኝ።»

ጠጣች። ደብሪቱም የተረፈውን ጨለጠችው።

«ስምሽ ማነው፣ እኅቴ?»

«ሽታዬ።»

«ነይ ሽታዬ፣ አብረን እናልቅስላቸው» አለችና እጇን ይዛ ወደ መሐል አስገባቻት።

ወገኖቼ፣ እዚህ መሐላችን የንጉሥ ልጅ ላይኖር ይችላል። ዋንጫ ግን ሁላችንም አለን። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የቤት ሠራተኛችሁ የምትጠጣበት፣ ለብቻው የተቀመጠ ኩባያ የለም? ጆሮው የተሰበረ፣ ከመደርደሪያው ታች ጥግ ላይ የሚደፋ? ማን ለየው? ማንም አላዘዘም። ልማድ ነው።

በእኔም ቤት ነበረ። ይህን ቃል ሳዘጋጅ ውኃ ልጠጣ ተነሣሁና አየሁት። አፍሬ ቁጭ አልሁ። ስንት ዓመት ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ያ ኩባያ ግን እዚያው ነበር።

እግዚአብሔር እኛን ከአፈር ሲሠራን እጁ ረክሶ ነበር እንዴ? እኛስ በለቅሷችን ቀን ምናችን ይወጣ ይሆን? ካባችን ነው ወይስ ያ ኩባያ?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ውኃ ይጠማችኋል። መጀመሪያ በራሳችሁ ብርጭቆ ለሠራተኛችሁ ቅዱላት። ከጠጣች በኋላ በሱው ጠጡ። የአባቷን ስም እስከ ዛሬ ካላወቃችሁም፣ ያን ጊዜ ጠይቋት።