ትኩስ ወይስ ያደረ

የቀበሌው ሊቀመንበር ሞስኮ፣ ምክትላቸው ደግሞ ፕራግ ተምረው የመጡ ነበሩ። አንድ ጠዋት ዳቦ እየገመጡ በአንድ ቃል ተጣሉ።

«‹ቼርስትቪ› በሞስኮ ቋንቋ ‹ያደረ ዳቦ› ማለት ነው!» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የለም፣ በፕራግ ቋንቋ ‹ትኩስ ዳቦ› ማለት ነው!» ብለው ምክትሉ ጠረጴዛውን ደበደቡ።

መተማመን ሲያቅታቸው የቀበሌውን ዳቦ ጋጋሪ አስጠሩና፣ «በይ ፍረጂ! ትክክሉ የማናችን ነው? ከተሳሳትሽ ግን ከሥራሽ ትባረሪያለሽ» አሏት።

ሴትዮዋ ለአንዱ ብትፈርድ ሌላው እንደማይምራት ገባት። ሽርጧ ላይ ያለውን ዱቄት አራገፈችና፣ «ጓዶች፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለች። «የእኔም ዳቦ የሚወጣው ከአንድ ምድጃ ነው። በጓሮ በር እናንተ ጋ ሲደርስ ትኩስ ነው፤ ሰልፈኛው ጋ ሲደርስ ግን ያደረ ነው።»