ጽዋው በማን ቤት ይደር

ሕፃኑ አዝመራው የለም። የይርዳው ልጅ ነበር፤ አፉን የፈታው ገና በሞተበት ዓመት ነው።

በአንድ ወቅት፣ ተስቦ ቆላውን ጨርሶ ሽቅብ ወደ ደጋው መውጣት በጀመረበት ዘመን፣ ቀጨሞ በር በሚባል መንደር ሦስት ወንድማማቾች ይኖሩ ነበር። ታላቁ ጥጋቡ፣ መካከለኛው ይርዳው፣ ታናሹ ልየው ይባላሉ። ቤታቸው ጎን ለጎን ነው። በሬ ይዋዋሳሉ፤ በአንድ የመድኃኔዓለም ማኅበርም አብረው ይጠጣሉ።

የቀጨሞ በር ማኅበር እንደ ሌላው አገር ጽዋውን በተራ አያዞርም ነበር። ወር በመጣ ቁጥር «ከመካከላችን እንደ ደቀ መዝሙር የኖረ ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ማኅበርተኛው ተማክሮ ጽዋውን ለዚያ ሰው ያሸክመዋል። በደህናው ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው፤ የመበለት ማሳ ያረሰ ወይም የተጣላውን ቀድሞ ሄዶ የታረቀ ይወስደዋል። ሌላም ሕግ ነበራቸው። ጽዋ ያለበት ቤት በሩ አይዘጋም። ከበሩ አጠገብ አንድ ቦታ ባዶ ይተዋል፤ «ስለ መድኃኔዓለም» ብሎ የመጣ እንግዳ እዚያ ይቀመጣል። እግሩ ይታጠባል፤ ከማንም ቀድሞ ይጠጣል።

በዚያ ወር ጽዋው ይርዳው ቤት ነበር።

ይርዳው ፈርቷል። ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ጭስ መታየት ከቀረ ሰንብቷል። ውሻ በጮኸ ቁጥር ይነሣል፤ መንገዱን ያያል፤ ተመልሶ የልጁን ግንባር ይዳስሳል።

«ኧረ ልጁን ተወው» አለችው ሚስቱ ዓይናዲስ። «በመዳሰስ ልትጨርሰው ነው።»

«የሞቀው መሰለኝ።»

«የሞቀውስ አንተን ነው።»

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። ሰዎቹ መጡ፤ ግን እንደ ወትሮው ትከሻ ለትከሻ አልተቀመጡም። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው አያ ፈንቴ፣ ዙሪያውን አይተው «ምነው፣ በመካከላችሁ ጥማድ በሬ ሊያልፍ ነው እንዴ?» አሉ።

«በሩን ትንሽ ገርበብ ብናደርገውስ፣ አያ ፈንቴ?» አለ አንዱ።

«ተወው ልጄ። ተስቦ ጠላ ሲጠጣ አይተህ ታውቃለህ?»

ተሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ቄስ ሞላልኝ ጸሎት አድርሰው ጽዋው ተገለጠ። «ደቀ መዝሙር ማለት ከኋላ የሚሄድ ነው» ብለው አስተማሩ። «ከፊቱ ያለው ከገባበት ይገባል። ይኼኛው ደጅ ይሻለኛል ብሎ አይመርጥም።» ይርዳው ቃሉን ሰማ። ዓይኑ ግን ከአጥሩ በር ላይ ነበር።

«ስለ መድኃኔዓለም!» የሚል ድምፅ የመጣው ዳቦው ሳይቆረስ ነው።

አንድ ሰው የአጥሩን ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ፀሐይ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ከወዴት ነህ?» አሉት አያ ፈንቴ።

«ከታች ነኝ። ሰዎቼ አልቀዋል። ማደሪያ ብቻ ስጡኝ። ከውጭ ካደርኩ ጅቡ እስክሞት አይጠብቀኝም።»

ማንም አልተነቃነቀም። መነሣት ያለበት ባለቤቱ ነው። ይርዳው ተነሣ። የእግር ውኃውን ማሰሮ አነሣ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ አዝመራው መጥቶ እግሩን አቀፈው። ይርዳው ባለበት ቆመ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አቃተው።

ያን ጊዜ ታላቁ ጥጋቡ ተነሣ። በይርዳው አጠገብ አልፎ ሄደ፤ የአጥሩን በር ዘጋ፤ መወርወሪያውን ጣለና ጀርባውን አስደግፎ ቆመ። ጥጋቡ ለነዳይ ከራሱ ሌማት ቆርሶ የሚሰጥ ሰው ነው። እንዲህ ያደርጋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

«ጥጋቡ፣ የዘጋኸው በማን ፊት እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉት ቄሱ።

«አውቃለሁ፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ ክፈት።»

«አልከፍትም። በዚህ ግቢ የስንት ሰው ልጅ አለ? ኃጢአቱ የእኔ ይሁን፤ ልጆቹ ለእናንተ ይቅሩላችሁ። በፍርድ ቀን በሩን ማን ዘጋ ሲባል ስሜን ጥሩ።»

ለመክፈት የተነሣ የለም። አንዳንዶች አንገታቸውን ደፉ። በልባቸው ግን እፎይ አሉ፤ ይርዳውም እፎይ አለ።

ያን ጊዜ ታናሹ ልየው ተነሣ። ሚስቱ ማሬ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ጋቢውን በሁለት እጇ ያዘችው። «እኔስ? በሆዴ ያለውስ?» አለችው። ልየው ጋቢውን እጇ ላይ ትቶላት ሄደ፤ አጥሩን ዘሎ ከውጭ ወረደ።

«አያ ጥጋቡ!» አለ ከማዶ። «ክፈት አልልህም። እንደዘጋኸው ያዘው። ማሬን አደራ!»

በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩት ሰውየውን አዝሎ ወንዙን ተሻገረ፤ አውድማው አጠገብ ወዳለችው የጠባቂ ጎጆም አስገባው። ማሬ ጋቢውን ታቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። በዚያ ወር ጽዋውን የሚወስድ አልተመረጠም፤ ይርዳው ቤት ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ጥጋቡ በየመግቢያው እሾህ አጠረ፤ ራሱ ዱላ ይዞ ጠበቀ። ለልየው ስንቅ የማድረስ ነገር በይርዳው ላይ ወደቀ። ከወንዙ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አገልግሉን ያስቀምጣል፤ «ልየው!» ብሎ ይጣራል፤ መልስ ሲሰማ ዞሮ ይሮጣል። ልየው ከማዶ ይስቅበታል። «ቀስ በል እንጂ ወንድሜ፣ ተስቦው እንኳን እንዲህ አይሮጥም!» ይርዳው አይስቅም። እቤቱ ሲደርስ እጁን በአመድ ፈትጎ እስኪታጠብ ልጁን አይነካም።

አንድ ቀን ቢጣራ መልስ የለም። በማግስቱም የለም። የትናንቱ አገልግል እንደተከደነ ተቀምጧል፤ ጉንዳን ወርሮታል።

ይርዳው ወደ ጥጋቡ ሄደ።

«ልየው አልመለሰልኝም።»

«ከጎጆዋ ከገባህ ወደዚህ አትመለስም» አለው ጥጋቡ።

«ወንድማችን እኮ ነው።»

«ለአንተ ብቻ ነው ወንድም የሆነው? አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ልጅህስ?»

ይርዳው ዞሮ ወደ ወንዙ ሄደ። ወንዙን ሲሻገር የጸለየውን ጸሎት በኋላ ለሚስቱ ብቻ ነግሯታል። «ሁለቱም ሞተው ባገኛቸውና ከበሩ ብመለስ» ብሎ ነበር የጸለየው።

አልሞቱም። ልየው ወድቆ ይቃዣል። እንግዳው ትኩሳቱ ለቆት ከአጠገቡ ተቀምጧል፤ ቅሉን ወደ ልየው ከንፈር ሊያደርስ ይታገላል፤ ክንዱ ግን አይችልም፤ ውኃው መሬት ላይ ይፈስሳል። ይርዳው ከደጃፉ ላይ ቆሞ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ቅሉንም ተቀበለው። ልየው ላብ አስምጦት ሰው እስኪለይ ድረስ ይርዳው ከጎጆዋ አልወጣም። እንግዳው በእግሩ መቆም ሲችል ሁለቱንም እግራቸው ላይ ወድቆ ሳማቸው፤ ስሙን ሳይጠይቁት ሄደ። ልየው ጉልበቱ እስኪመለስ እዚያው ቀረ። ይርዳው ወደ ቤቱ ተነሣ።

ጥጋቡ የአጥሩ በር ላይ ነበር። «ዳነ?» አለ።

«ድኗል።»

ጥጋቡ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ዱላውን ግን አልጣለም። «አትገባም፣ ወንድሜ። ልብስህን አቃጥል፤ ከአጥሩ ውጭ ካለው ግራር ሥር ተቀመጥ። ደህና መሆንህን እስክናይ ድረስ።»

ይርዳው እንደታዘዘው አደረገ። በወንዙ ታጠበ፤ በአጥር ላይ የተወረወረለትን ኩታ ለብሶ ከግራሩ ሥር ተቀመጠ። ሰውነቱ ይከብደዋል። ድካም ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። በአጥሩ ሥር ውሾች የሚሾልኩበት ቀዳዳ ነበር። አዝመራው የአባቱን ሳል ሰማና በዚያ ሾልኮ ወጣ። ይርዳው ልጁ ሲመጣ አየው። «ሂድ» ለማለት ጊዜ ነበረው። አላለም።

ይርዳውን ትኩሳቱ ነካ አድርጎ ለቀቀው። ልጁን አልለቀቀውም።

አዝመራው በሞተ ጊዜ ለግንዘት የመጣ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ከሩቅ ቆሞ አለቀሰ። ዓይናዲስ ልጇን ታቅፋ አልሰጥም አለች። ያን ጊዜ ጥጋቡ ዱላውን አስቀምጦ ገባ። «ስትፈሩ የዘጋሁላችሁ እኔ ነኝ፤ አሁን የምገባውም እኔ ነኝ» አለ። ልጁን ከእቅፏ በቀስታ ተቀብሎ አጠበ፤ ገነዘ፤ ብቻውን ተሸክሞ ወሰደ፤ ብቻውን ቆፈረ። ቄስ ሞላልኝ ጸሎተ ፍትሐት አድርሰው ቀበሩት። በዚያ ተስቦ ከቀጨሞ በር ሌላ የሞተ የለም።

ክፉው ዘመን አለፈ። እሾሁ ተነሣ። የወሩ መድኃኔዓለም ሲመጣ ማኅበሩ እንደገና ይርዳው ቤት ተሰበሰበ። አያ ፈንቴ የተለመደውን ጥያቄ ጠየቁ። በዚያ ቀን ግን ነገሩ አልቀለለም።

አንዳንዶች «ለጥጋቡ ይገባል» አሉ። «ልጆቻችን በሕይወት ያሉት በእሱ ነው። እኛ በልባችን የዘጋነውን በር እሱ በእጁ ዘጋው፤ ኃጢአታችንን ተሸከመልን። ሬሳ ለማጠብስ ከእሱ ሌላ ማን ደፈረ?» ሌሎች ተቆጡ። «ክርስቶስን ከደጅ መልሶ ደቀ መዝሙር መባል አለ እንዴ? ያ ሰው ጅብ ቢበላው ኖሮ ምን ልትሉ ነበር?»

አንዳንዶች «ለልየው ይገባል» አሉ። «እንግዳውን ያዘለው እሱ ብቻ ነው። ሕጋችንን ያልጣለም እሱ ነው።» ማሬ ከሴቶቹ መካከል ሆና ተናገረች። «እኔን ማን ያዘለኝ? ባሌ ለማያውቀው ሰው ሊሞት ሲሄድ ጋቢውን ታቅፌ አልቅሼ ቀረሁ። እሱ ይጽደቅ፤ የጽድቁን ዋጋ ግን ሌላ ሰው ነው የከፈለው።»

አንዳንዶች «ለይርዳው ይገባል» አሉ። «ደፋር ቢሄድ ምን ይደንቃል? እሱ እየፈራ ሄደ። እሱ ያጣውንስ ማን አጣ?» አንድ ሽማግሌ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ለእንግዳው ሲሆን ማሰሮ ይዞ ቆመ፤ ለወንድሙ ሲሆን ሄደ። ለወንድሙስ አረመኔውም ይሄዳል። ልጁንም ሂድ አላለውም።»

ወንድማማቾቹም ተጠየቁ።

ጥጋቡ «ለእኔ አይገባም» አለ። «ግን አትሳሳቱ። ነገም እንዲያ ያለ ሰው ቢመጣ ደግሜ እዘጋለሁ።»

ልየው ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። «እኔ በሌላ ሰው ልጅ ሕይወት ደግ የሆንኩ ሰው ነኝ» አለ። «ብታመም ማን እንደሚመጣልኝ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የሄድኩት።»

ተራው የይርዳው ነበር። ዓይናዲስ ግን ተነሥታ ጽዋውን ከነመሸፈኛው አንሥታ ከመካከላቸው አስቀመጠችው። «ማንም ይውሰደው» አለች። «ከቤቴ ግን ይውጣልኝ።»

ማንም አልነካውም። አያ ፈንቴም ሳይፈርዱ ተነሡ።

እናንተ የምትሰሙ ሰዎች ግን ከመፍረዳችሁ በፊት፣ ዓይናዲስ በአጥሩ ቀዳዳ ያየችውን ይህን አንድ ነገር እወቁ። በዚያ ቀን፣ ከግራሩ ሥር፣ አዝመራው በእጁ ቁራሽ ዳቦ ይዞ ነበር። አባቱ ልጁን እንዳይነካ ሁለት እጁን ከኋላው ደብቋል። ልጁ ጉልበቱ ላይ ወጣ፤ ዳቦውን ወደ አባቱ አፍ አስጠጋ። ይርዳው አፉን ገጠመ። ልጁ «ብላ» አለው፤ ገፋ አደረገለት። ይርዳው አፉን ከፈተ። ልጁም አጎረሰው፤ ከአባቱ ከንፈር የተረፈውን መልሶ ራሱ በላው።

እንግዲህ ንገሩን፤ ጽዋውን ማን ይሸከም?