ገመድ የሌላት ጃርት

እስቲ ቀረብ በሉ። ሳል የያዘው አሁን ይሳል፤ ወሬ ያለውም ወሬውን ይጨርስ። ከጀመርኩ በኋላ ላቋረጠኝ ከመጀመሪያው አልደግምለትም። ነገሩ የዱሮ ነው። እንስሳ ሁሉ አራሽ የነበረበት፣ ወንዝና ጎተራ እንኳ አፍ አውጥተው የሚናገሩበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን በደጋው አገር ትርንጎ የምትባል ጃርት ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል፤ ሦስት ልጆች አሏት። ሥራ አይደክማትም፤ አፏ ግን ትንሽ ይቸኩላል።

ደጋው ላይ ዘር የሚያበድር አንድ ጎተራ ነበር። ተበዳሪ ሲመጣ ጎተራው ገመድ ቋጥሮ በስሙ ምሰሶ ላይ ይሰቅላል። ተበዳሪው ሲመልስ ገመዱ ይወርድና፣ አገር ምድሩ እያየ፣ በሩ ላይ ይቃጠላል። እልል ይባላል። ስለዚህ በደጋው አገር ገመዱ ተሰቅሎ የቀረበት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ ገመድ የሌለው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ትርንጎ አርባ ጊዜ ወስዳለች፤ አርባ ጊዜ መልሳለች፤ አርባ ጊዜ ገመዷ ተቃጥሏል። እሷ ስትመጣ ጎተራው ሳይጠየቅ በሩን ይከፍት ነበር።

አንድ ቀን ተራራው ተናደ። እርሻዋን ዋጠው፤ ጉድጓዷን ደፈነው። ምን ታድርግ? ከፊላ ሣር የተሠራ የዝናብ ገሳዋን ተሸክማ፣ ሦስቱን ልጆቿን ከፊቷ እየነዳች፣ ወደ ቆላ ወረደች። ከወንዙ ዳር ደረሰች።

«ወንዝ ሆይ፣ አሻግረኝ» አለችው።

«እግርሽን አሻግራለሁ» አለ ወንዙ። «ስምሽን ግን አላሻግርም።»

«ስሜ ምን ይከብድሃል?»

«አይከብደኝም። መሀል ላይ ሲደርስ ይሟሟል እንጂ።»

ትርንጎ ወንዝ ማውራት ይወዳል ብላ ሳቀችና ተሻገረች።

ቆላው ላይ አንዲት አሮጊት ኤሊ ተቀበለቻት። ከድንጋይ ሥር ማደሪያ ሰጠቻት፤ የአገሩንም ነገር ነገረቻት። «እዚህ የምንዘራው ማሽላ ነው፣ ልጄ። ዘሩ ከሦስተኛው ዝናብ በፊት መሬት ካልገባ አያፈራም። የመጀመሪያው ትናንት ጥሏል። ቶሎ ብለሽ ከአባ ጎተራ ዘር ተበደሪ፤ አለዚያ ልጆችሽ ዓመቱን አይዘልቁትም።»

ትርንጎ ልጆቿን አየቻቸው። የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ትንሿ ልጇ ድንቡሼ እንኳ፣ ስሟን ያወጣላት ድንቡሽቡሽነት ከመንገድ ቀርቶ፣ ስሟ ብቻ ነበር የተረፋት። ትርንጎ እየሮጠች ሄደች።

አባ ጎተራ በአራት እግሩ ቆሞ ዘር ያድላል። ከምሰሶው ላይ ቋጠሮ የበዛባቸው ገመዶች ተንዠርግገዋል። ከርከሮ ተሰልፏል፤ ቆቅ ተሰልፋለች፤ አያ ጅቦም ጥላ ሥር ተጋድሟል።

«ማን ነሽ?» አለ አባ ጎተራ።

«ትርንጎ ነኝ፤ ከደጋ የመጣሁ።»

«ገመድሽ የትኛው ነው?»

ትርንጎ ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር። ደረቷን ነፋች። ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አደረገች። «እኔ? እኔ አንድም ገመድ የለኝም! አንድም! አገሬ ሄዳችሁ ጠይቁ!»

አለችና እልልታውን ጠበቀች። እልል ያለ የለም። ከርከሮ አንድ እርምጃ ራቃት። ቆቅ ጫጩቶቿን ወደ ክንፏ ሰበሰበች።

ለካስ በቆላው አገር ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሲወስዱ አንድ ቋጠሮ ይቋጠራል፤ ሲመልሱ ከጎኑ ሌላ ይቋጠራል፤ ገመዱ ግን ዕድሜ ልክ አይወርድም። ገመዱ የረዘመ የተከበረ ነው። የአያ ጅቦ ገመድ መሬት ይነካ ነበር።

«አንድም ገመድ የሌላት» አለ አባ ጎተራ ረጋ ብሎ፣ «ወይ ማንም አምኗት አያውቅም፣ ወይ ሸሽታ የመጣች ናት።»

«ኧረ አርባ ጊዜ ወስጄ አርባ ጊዜ መልሻለሁ!»

«የታለ ገመዱ?»

«ተቃጠለ።»

«ማን አቃጠለው?»

«እኛው ነና! ደስ ብሎን!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አባ ጎተራ ግን አልሳቀም። «ክፉ አይደለሁም፣ ትርንጎ። ጎተራ ነኝ። ያላየሁትን አላምንም» አለና ከርከሮን ጠራ።

አፈረች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተወልዳ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። ምንም ሳይሰርቁ እንደ ሌባ መታየት አንጀት ያቃጥላል።

ቤቷ ገብታ ቁራን ለመነችው። «አደራህን፣ አገሬ ሂድልኝ። ጎተራችንን ስለ እኔ ጠይቅልኝ። ማስረጃ ይዘህልኝ ና።» ቁራ በረረ። አንድ ቀን ጠበቀች፤ አልመጣም። ሁለት ቀን ጠበቀች፤ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ዝናብ ጣለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዘርቶ ጨረሰ፤ የእሷ መሬት ባዶውን ቀረ። ቁራ የመጣው በአምስተኛው ቀን ነው። በአፉ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

ይዘውት ወደ አባ ጎተራ ገሰገሱ።

«የደጋው ጎተራ ስሟን ስጠራለት አለቀሰ» አለ ቁራ። «አርባ ጊዜ ወስዳ አርባ ጊዜ መልሳለች፤ በሬ አሁንም ክፍት ነው በላት አለኝ። ማስረጃ ስጠኝ ስለው ይህን ሰጠኝ።»

ቅጠሉ ተፈታ። ውስጡ አመድ ነበር።

አባ ጎተራ አመዱን አየው። ወዲህ አየው፤ ወዲያ አየው። «ይህ የገመድ አመድ ነው ወይስ የምድጃ?»

«የገመዴ ነው!» አለች ትርንጎ።

«የአንቺ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

ትርንጎ ወደ ቁራ ጠቆመች። «ቁራ ይመሰክርልኛል» አለች።

«ቁራ ያልሞተውን ሞተ እያለ ስንቱን አስለቅሷል» አለ አባ ጎተራ። «ሂጂ፣ እናቴ። ቢያሳዝነኝም ሂጂ።» በዚህ መሀል ነፋስ መጣና አመዱን ወሰደው። አርባ ጊዜ የታመነችበት ሁሉ በአንድ እፍታ ሄደ።

ከቤቷ ደጅ ስትደርስ አያ ጅቦ ጠበቃት።

«እትዬ ትርንጎ፣ እኔ አምንሻለሁ» አለ፣ ድምጹን አለስልሶ። «ገመድ አልጠይቅሽም። አመድም አልጠይቅሽም። አሥር ቁና ዘር እሰጥሻለሁ።»

«አሥር? በምን?»

«በምንም። እስክትመልሽ ድረስ ትንሿ ልጅሽ እኔ ቤት ትቆያለች። አበላታለሁ። አወፍራታለሁ።»

ትርንጎ ጥላው ቤቷ ገባች። ልጆቿ ግን ሰምተዋል። ድንቡሼ መጥታ እግሯ ሥር ቆመች። «እማዬ፣ ልሂድ እንዴ? እሱ ቤት ምግብ አለ አሉ።»

ይኼኔ የትርንጎ ልብ ተሰበረ። ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ አሰበችው፤ አልዋሻችሁም። አንዷ ትሂድና ሁለቱ ይትረፉ ብላ አሰበችው። ወዲያው በራሷ አፈረች፤ ድንቡሼን አቀፈቻት። «እኔ በሕይወት እያለሁ አትሄጂም» አለቻት።

ኤሊ ይህን ሁሉ ከድንጋዩ ጥግ ሆና ታይ ነበር። «ልጄ፣ አባ ጎተራ የሚሰማ ጆሮ የለውም፤ የሚያይ ዓይን ግን አለው» አለች። «ስለ አገርሽ መንገሩን ተዪው። ብታጪው የሚያንገበግብሽን ነገር መያዣ ስጪው።»

ትርንጎ ምን አላት? ወርቅ የላት፣ ከብት የላት። ወደ ሰማይ አየች፤ ደመናው ጠቁሯል። ሦስተኛው ዝናብ እየመጣ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አባ ጎተራ ሮጠች።

«ደግሞ መጣሽ?» አለ።

«መጣሁ። ገመድ አልያዝኩም፤ ወሬም አልያዝኩም። መያዣ ይዣለሁ።» ይህን ብላ እጇን ወደ ጀርባዋ ሰደደች። አንዱን እሾህ ነቀለች። ደም መጣ። ሁለተኛውን ነቀለች። እየነቀለች ከፊቱ ከመረች፤ አንድም ሳታስቀር፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ጀርባዋ መላጣ እስኪሆን ድረስ ነቀለች። «ጃርት ያለ እሾህ ምን እንደሆነች ታውቃለህ። ያውልህ» አለችው።

አባ ጎተራ የእሾሁን ክምር አየ። «ሦስት ቁና እሰጥሻለሁ» አለ። «አጭደሽ ከወቃሽ በሰባተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመልሻለሽ። ቀኑ ካለፈ እሾሁም የለም፤ ሁለተኛ በሬንም አታንኳኪም።» አንዲት አጭር ገመድ አወጣና አንድ ቋጠሮ ቋጠረ። እሾሁን አስሮ ከገመዷ አጠገብ ሰቀለው።

የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫዋ ላይ ሲያርፍ ትርንጎ እየዘራች ነበር። የመጨረሻዋን ፍሬ አፈር አልብሳ ቀና ስትል ዝናቡ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው እንዲህ ነው። መላጣ ጀርባዋን ብርድ አላስችል አላት፤ ገሳዋን ለበሰች። ስትኮተኩት ገሳዋን ለብሳ ነው፤ ስታርም ለብሳ ነው፤ ስትተኛም አታወልቀውም። አያ ጅቦ ደግሞ በየማለዳው በአባ ጎተራ ደጅ ያልፋል። ቀና ብሎ የተሰቀለውን እሾህ ያያል፤ ምራቁን ይውጣል። ከዚያ መጥቶ በእርሻዋ ዳር ይዞራል። «እትዬ ትርንጎ፣ እንዴት አደርሽ? ድንቡሼስ ወፈረች?» ይላል። በቀን ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ሦስት ጊዜም ይህንኑ ይላል። ትርንጎ ልጆቿን ከዓይኗ አታርቅም። እንቅልፍ አጣች። ማሽላው አድጎ አሽቶ እስኪደርስ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ልቧ አላረፈም።

ደረሰ። አጨደች፤ ወቃች። ሰባተኛው ቀን መጣ። ልጆቿን ትታ መሄድ ፈራች፤ ይዛቸው መሄድም ፈራች። በመጨረሻ ይዛቸው ወጣች። ስልቻውን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ልጆቿን ከፊት አስቀድማ፣ በጠራራ ፀሐይ ጉዞ ጀመረች። ከደረቁ ጅረት ስትደርስ አያ ጅቦ መንገዱ መሀል ቆሟል።

«ወዴት ነው?»

«የሰው አደራ ልመልስ ነው። መንገዱን ልቀቅልኝ።»

«ስልቻሽን አልነካም፤ ማሽላ አልበላም» ብሎ ሳቀ። «አራታችሁም እዚሁ ቅሩልኝ።»

ልጆቿ ተንጫጩ። ትርንጎ ስልቻውን አስቀመጠች። ልጆቿን ከሆዷ ሥር አስገባች። ጀርባዋን ሰጠችው።

«ምነው ጀርባሽን ሰጠሽኝ? እሾህሽ እንደሆነ ምሰሶ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ።»

«አይተሃል?»

«በዓይኔ በብሌኑ!»

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?»

አያ ጅቦ ዘለለ። አፉን ሙሉ ከፍቶ ገሳውን ነከሰ። የተነቀለ እሾህ እንደሚበቅል ለማሰብ የሚሆን ጭንቅላት አልነበረውማ! አንድ መኸር ሙሉ ምሰሶ ምሰሶውን ሲያይ፣ ከገሳው ሥር አዲሱ እሾህ ረዝሞ ነበር። ምላሱ ተወጋ፤ ላንቃው ተወጋ፤ አፍንጫው ተወጋ። እየጮኸ በመጣበት እግሩ ፈረጠጠ። ከዚያ ቀን በኋላ የድንቡሼን ስም በአፉ አልጠራም፤ ቢፈልግም አፉ ለወር ያህል አልገጠመለትም።

ትርንጎ ከአባ ጎተራ ደጅ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሦስት ቁና ሰፍራ መለሰች፤ አንድ እፍኝም ከላይ ጨመረች። አባ ጎተራ አጭሯን ገመድ አውርዶ ከመጀመሪያው ቋጠሮ ጎን ሁለተኛውን ቋጠረ።

«እሾህሽን ውሰጂ» አለ። «ለሚመጣው ዓመት መያዣ አልጠይቅሽም። ገመድ አለሽ።»

ትርንጎ ገመዷን አየቻት። ከሌሎቹ መሀል የጣት ያህል ሆና ተንጠልጥላለች። እንባዋ መጣ። «አርባው እንዲያው ቀረ ማለት ነው?» አለች።

«አርባውን አላየሁትም፣ ትርንጎ። እኔ ያየሁት አንዱን ነው።»

ትርንጎ እንባዋን ጠረገችና ስልቻዋን አነሳች። «እሺ፣ ከአንድ እንጀምር» አለች። «ግን አባ ጎተራ፣ አርባው ባይኖር ኖሮ ይቺን አንዷን ማን ይመልስልህ ነበር?»

መልሱንም አልጠበቀችም፤ ልጆቿን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

እኔም የያዝኩትን አራገፍኩ፤ የቀረኝ ይህን ማለት ብቻ ነው። ወንዝ የተሻገረ ስሙን እንደ አዲስ ይዘራል፤ ዘሩ ግን ከአገሩ ይዞት የመጣው ነው።