ማን ይብላሽ?

አንድ ጊዜ፣ ሣር ከመጋጥ ይልቅ ዘፈን ማወቅ ያስከብር በነበረበት ዘመን፣ ከወንዝ ዳር ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ዳልቺት የምትባል አህያ ነበረች። ጆሮዋ ረጅም ነው። የአህያ ሁሉ ጆሮ ረጅም ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ የሷ ግን ረጅም ብቻ ሳይሆን የሰማውን ሳያላምጥ የማይውጥ ጆሮ ነበር። በዚህ ጠባይዋ ብዙ ወዳጅ አላፈራችም።

የሜዳው ገዥ አንበሳ ነበር። አንበሳው አንድ ቀን ጠግቦ ከተኛበት ነቃና ሕግ ማውጣት አማረው። «በሜዳዬ የሚኖር ማንኛውም ፍጡር በገዛ አፉ ካልፈቀደ በቀር እንዳይበላ!» ብሎ አወጀ።

እንስሳቱ በሳቅ ፈረሱ። «ብሉኝ ብሎ የሚፈቅድ ደግሞ ማን ሞኝ አለ!» ተባባሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጎች ጀርባቸውን ለጫካው ሰጥተው መተኛት ለመዱ። አያ ጅቦ ሆዱን አቅፎ ከወንዙ ማዶ ጉድጓዱ ውስጥ ያላዝን ጀመር።

በአዋጁ ያልሳቀች አንዲት ብቻ ነበረች። እመት ቀበሮ ጭራዋን በእግሮቿ ዙሪያ ጠቅልላ ተቀምጣ፣ «በገዛ አፉ... በገዛ አፉ...» እያለች ቃሉን በዜማ ትሞክረው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ እመት ቀበሮ አዲስ ዘፈን ይዛ ብቅ አለች።

«ይብላኝ፣ ይብላኝ፣ ለሜዳዬ ይብላኝ፣
ማን እንደሱ አብልቶ፣ ማን እንደሱ አጠጣኝ!»

ወይ ዜማ! ቁጭ ብሎ የሰማው ቆሞ ይጨርሰዋል። ሳምንት ሳይሞላ ዘፈኑ ሜዳውን ወረሰው። ፍየሎች ገደል ላይ ሆነው ያቀነቅኑታል፣ ላሞች እያመነዠኩ ያንጎራጉሩታል፤ ጥጆች እንኳ «ይብላኝ ካልተዘፈነልን አንጠባም» ብለው አመፁ። አንበሳውም ወደደው። ጉባኤ ሁሉ በዚህ ዘፈን እንዲከፈት አዘዘ፤ በዚያ በወፍራም ድምፁም ራሱ ማውጣት ጀመረ።

ዳልቺት ግን ቃሉን አላመጠችው፤ አልዋጥ አላት። አንድ ረፋድ ላይ አውራው በግ አይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን እየሰበቀ ሲዘፍን አገኘችውና ጠጋ አለች።

«አውራው፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ደግሞ ምን መጣ?»

«ይብላኝ ስትል፣ ማን ይብላህ ማለትህ ነው?»

በጉ አንድ አይኑን ብቻ ገለጠ። «እንዴ! አነጋገር እኮ ነው። ፍቅር ሲበዛ ይባላል። ይብላኝልህ፣ ይብላኝልሽ እንባባል የለ?»

«እንባባላለን። ለታመመ እንላለን፣ ለተቸገረ እንላለን። ሜዳው ምን ሆነና ነው የምናዝንለት?»

«አሃ!» አለ በጉ፣ አሁን ሁለቱንም አይኖቹን ገልጦ። «ሜዳውን አትወጂውም ማለት ነው።»

«ሜዳውንማ እወደዋለሁ፤ ጠዋት ማታ እግጠዋለሁ። የጠየቅሁህ ‹እኔን ማን ይጋጠኝ?› ብዬ ነው።»

በጉም መልስ የሌለው እንደሚያደርገው ሁሉ ወሬ ይዞ ሄደ። ከቀትር በፊት «ዳልቺት ሜዳውን አትወድም» ተባለ። ከቀትር በኋላ «ቅናት ነው፤ በዚያ ድምፅ ማን ያዘፍናታል!» ተባለ። ሲመሽ ደግሞ አንዲት ፍየል፣ «ድሮም ሣር አበላሏ ደስ አይለኝም ነበር» አለች።

ይህ ሁሉ ዳልቺትን ብዙም አላሳመማትም። ያሳመማት ሌላ ነገር ነው። ቡሊት የምትባል አንድያ ልጅ ነበረቻት፤ ለአቅመ ጭነት ልትደርስ ጥቂት የቀራት፣ ባለ ቀጭን እግር ጉብል። ቡሊት ከሜዳው ዘፋኝ ሁሉ የባሰች ዘፋኝ ሆነች። ተኝታ እንኳ «ይብላኝ» ትላለች።

«አንቺ ልጅ፣ ተይ ይሄን ነገር» ትላታለች እናቷ።

«እማዬ፣ ሁሉም ይዘፍነዋል እኮ!»

«ሁሉም ስለዘፈነው ትርጉሙ ይለወጣል?»

«ኧረ ትርጉም ምን ያደርጋል? ዜማውን ስሚው!»

እንዲህ ሲነታረኩ ሰንብተው፣ አንድ ቀን ቡሊት እየጋለበች መጣች። «እማዬ፣ እመት ቀበሮ ሁለተኛውን አንጓ አወጣችው! ስሚማ!» ብላ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ከወንዙ ማዶ ሆኜ፣ ሲመሽ ሲመሽ ይብላኝ፣
ብቻዬን ቆሜያለሁ፣ የሚወደኝ ያግኘኝ!»

ዳልቺት የያዘችው ሣር ከአፏ ወደቀ። «ወይ ጉድ! ዘፈኑ አድራሻ አወጣ፤ ሰዓትም ቀጠረ! የቀረው እኮ የሚቀርብበትን ሳህን መናገር ብቻ ነው።»

«እማዬ! ቀስ በይ፣ ጓደኞቼ ይሰሙሻል!» ቡሊት አፈረች። ከዚያ ደስታዋን አፍና መያዝ አልቻለችምና ጨመረች፤ «ደግሞ እኮ እንዳቀነቅን የመረጠችው እኔን ነው። ነገ ሊመሽ ሲል፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ድንጋይ ላይ ቆሜ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን ነዋ! ግጥሙ ‹ብቻዬን ቆሜያለሁ› አይደል የሚለው?»

ዳልቺት ለመነች፣ ተቆጣች፣ እስከ መንከስም ደረሰች። በማግሥቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቡሊት ወንዙን ተሻግራ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ነበር። እናት ናትና ዳልቺትም ተከትላ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቀች፤ ያው ጆሮዋ ከቁጥቋጦው በላይ ቢታይም።

ቡሊት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሲመሽ ሲመሽ ይብላኝ...» ብላ ሁለተኛውን ስንኝ ሳትጀምር፣ ከጉድጓዱ አፍ አያ ጅቦ ብቅ አለ። ጠጉሩን አስተካክሏል። ፈገግ ብሏል።

«መጣሁ፣ መጣሁ እህቴ!» አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ያን ያህል ጊዜ ስትጠሩኝ መቅረቴ ነውር ነው። እኔ እኮ ለሌላ የምትሉ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው እመት ቀበሮ ‹አንተን ነው እንጂ፣ ምን ታፍራለህ!› ያለችኝ።»

ቡሊት ልትሮጥ ስትዞር ጭራዋን ቀለብ አደረገው። ዳልቺት ከቁጥቋጦው ወጥታ አናፋች፤ ያን ጊዜ እመት ቀበሮ ከድንጋዩ ኋላ ዘላ ወጣችና «ቆይ አያ ጅቦ! እንዳትነክሳት!» አለች።

ዳልቺት ልታመሰግናት ምንም አልቀራትም። ቀበሮ ግን ወደ ጅቡ ጆሮ ጠጋ ብላ ሹክ አለችው፤ «እንዲሁ ብትበላት አንበሳው ይገድልሃል። በገዛ አፏ ፈቅዳለች፤ ነገ ጉባኤ ፊት አቁማት። ይቺን አንዷን በሕግ ከበላህ፣ ከዚያ ወዲያ የዘፈነ ሁሉ ያንተ ነው። ለኔ ጉበት ጉበቱ ይበቃኛል።» ምንም ቀስ ብላ ብትናገር የአህያ ጆሮ ያው የአህያ ጆሮ ነው፤ ዳልቺት አንድ ቃል አላመለጣትም።

ጠዋት ጉባኤው ተሰበሰበ። እንደ ወጉ አንበሳው ጉሮሮውን ጠረገና «ይብላኝ፣ ይብላኝ...» ብሎ አወጣ፤ ሜዳው ሁሉ ተቀበለው። አውራው በግ አይኑን ጨፍኖ ስለሚዘፍን፣ ቡሊት በአያ ጅቦ መዳፍ ሥር መቆሟን ያየው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው።

እመት ቀበሮ ጠበቃ ሆና ቆመች። «ጌታዬ፣ ነገሩ አጭር ነው። ሕጉ ‹በገዛ አፉ ካልፈቀደ አይበላም› ይላል። ይቺ ልጅ በገዛ አፏ ‹ይብላኝ› ብላለች። ቦታውን ተናግራለች። ሰዓቱን ተናግራለች። አያ ጅቦም አክባሪ ነውና ተጠርቶ ሄደ።»

«ብለሻል?» አለ አንበሳው ወደ ቡሊት ዞሮ።

«ብያለሁ፣ ግን ጌታዬ፣ ዘፈን...»

«ብላለች» አለ አንበሳው።

ጉባኤው አጉረመረመ። ግን ምን ብሎ አጉረመረመ መሰላችሁ? «ማን ማዶ ተሻገሪ አላት?» አለች ያቺው ፍየል። «እኛ እኮ የምንዘፍነው የመጀመሪያውን አንጓ ብቻ ነው» አለ አውራው በግ። ሁሉም ከቡሊት አንድ አንድ እርምጃ ራቀ።

ዳልቺት ወደ ፊት ወጣች። ከኋላዋ «መጣች ደግሞ ጠያቂዋ!» የሚል ሳቅ ተሰማ።

«ጌታዬ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ።»

«ጠይቂ።»

«ይህ ፍርድ ለኔ ልጅ ብቻ ነው ወይስ ‹ይብላኝ› ላለ ሁሉ?»

አንበሳው ክብሩ ተነካ። «እኔ ለአንዲት አህያ ብዬ ሕግ አላወጣም! ላለ ሁሉ ነው፣ ማንም ይሁን ማን!»

በጎቹን በአንድ ጊዜ ሳል ያዛቸው። ይስቁ የነበሩትም ሳቃቸውን ዋጡ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ዳልቺት። «እንግዲያው ዛሬ ጠዋት፣ ጉባኤው ሲከፈት፣ ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉም ጮክ ብሎ ‹ይብላኝ› ያለው ማን ነበር?»

ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። መልሱን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚናገር ነው የጠፋው። አያ ጅቦ ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ጥያቄ መልስ አውቆ ነበርና ደስታው ከልክ አለፈ።

«እኔ አውቃለሁ! እኔ አውቃለሁ!» አለ እየዘለለ። «ጌታዬ ናቸው!»

ከዚያ ሌላ ሐሳብ ከሩቅ እየመጣ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ቀስ እያለ መጣ፣ ደረሰ፣ ተቀመጠ። አያ ጅቦ የአንበሳውን ታፋ ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። ምራቁ ጠብ አለ።

«ጌታዬ...» አለ በትሕትና። «እርስዎም ፈቅደዋል እንዴ?»

«ዝም በል አንተ ጅል!» ቀበሮ ጭራውን ጎተተችው።

«እንዴት ዝም እላለሁ? አንቺው አይደለሽ ‹ከዚያ ወዲያ የዘፈነ ሁሉ ያንተ ነው› ያልሽኝ? አትፍሪ፣ የእሳቸውንም ጉበት ላንቺ ነው የምተወው፤ ቃሌን አላጥፍም!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት አይን አልደረሰም። አንበሳው ሲያገሳ የወንዙ ውሃ ተንቀጠቀጠ። አያ ጅቦ ወንዙን ሲሻገር ውሃው እግሩን አላረጠበውም። እመት ቀበሮም በሌላኛው አቅጣጫ፣ ያ ሁሉ ዜማዋ ጠፍቷት፣ «ዋይ! ዋይ!» እያለች ተፈተለከች።

አንበሳው ጎፈሩን አራገፈ፤ ሳል ሳል አለው። «ዘፈን... እእ... ዘፈን ነው» አለ። «ይብላኝ ያለ ሁሉ ይበላ የሚል ሕግ አላወጣሁም። አውጥቻለሁ የሚል አለ?»

«ማንም የለም፣ ጌታዬ» አለች ዳልቺት፣ ከልጇ ጋር አንገት ለአንገት ተያይዛ። «እርስዎ እንዳሉት ነው።»

የዚያን ዕለት «ይብላኝ» የሚለው ቃል በአዋጅ ተከለከለ። ሜዳውም አዋጁን በእልልታ ተቀበለ። «እኔ እኮ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለች ፍየሏ። «እኔማ አፌን ነበር የማንቀሳቅሰው እንጂ አልዘፍንም ነበር» አለ ጥጃው። ዳልቺትን ይቅርታ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እሷም አልጠበቀችም፤ ሣሯን ትግጥ ነበር።

ሦስት ቀን ሳይሞላ አውራው በግ አዲስ ዘፈን ይዞ መጣ። አይኑን ጨፍኗል፤ አንገቱን ይሰብቃል። «ውሰደኝ፣ ውሰደኝ፣ ነፍሴ ውሰደኝ!» በጎቹ ከኋላ ተቀበሉት። ፍየሎቹ ዜማውን ለመያዝ ጆሯቸውን አቆሙ። ቡሊትም ሰማችው። እግሯ በራሱ ጊዜ ምቱን መምታት ጀመረ፤ አፏም ሊከፈት ነበር። ከዚያ ገታ አለች፤ ወደ በጉ ጠጋ ብላ፣

«አውራው፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ማን ይውሰድህ? ደግሞስ ወዴት?»

በጉ ሁለቱንም አይኖቹን ገለጠ። «አይ አንቺ!» አለ በምሬት። «ቁርጥ እናትሽን!»

ዳልቺት ከሜዳው ዳር ሆና ሰማች። ሣሯን ጣለችና፣ ያ ማንም የማያዘፍነው የተባለው ድምፅ ሜዳውን፣ ወንዙንና የአያ ጅቦን ጉድጓድ እስኪሞላ ድረስ፣ በደስታ አናፋች።

ከዚህ የምንማረው፣ አገር ሁሉ ተቀብሎ የሚዘፍነው ዘፈን ዜማው የቱንም ያህል ቢጥም፣ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት «ይህ ነገር የሚያጠግበው ማንን ነው?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።